ከጎሪላ የመጣ ወባ፣ ከሰው የሄደ እከክ

በ1996 በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ በብዊንዲ ደን የሚኖሩ ጥቂት የተራራ ጎሪላዎች ጸጉራቸው ይረግፍ፣ ቆዳቸው ይላላጥ፣ ቀኑን ሙሉ ያኩ ጀመር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከታመሙት አራት ጎሪላዎች አንዱ፣ ገና ከእናቱ ያልተለየ ግልገል፣ ሞተ። በቆዳው ላይ የተገኘው ተባይ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ እከክ የሚያመጣው ሳርኮፕተስ ስካቢዬ ነው። የቀሩት አይቨርሜክቲን ተሰጥቷቸው ዳኑ።

ጉዳዩን ከመረመሩት መካከል ኡጋንዳዊቷ የእንስሳት ሐኪም ግላዲስ ካሌማ-ዚኩሶካ ይገኙበታል። ጥርጣሬው ያረፈው በሰው ላይ ነበር። የጎሪላዎቹ ቡድን ለጎብኚ ሲባል ሰው እንዲለምድ የተደረገ ነው፤ ከደኑ ወጥቶ የገበሬ ሙዝ ይበላል። በዙሪያው ባሉት መንደሮች እከክ ነበር፣ በየማሳው ደግሞ አሮጌ ልብስ የለበሰ ማስፈራሪያ ይቆማል። ጎሪላ አዲስ ነገር ሲያገኝ መንካት፣ መጎተትና ማሽተት ይወዳል።

ስለ ዱር እንስሳትና ስለ በሽታ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን አንዱ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ እንስሳው ያመጣል፣ ሰው ይታመማል። ጎሪላ፣ ቺምፓንዚ፣ ቦኖቦና ኦራንጉታን ግን ከእንስሳት ሁሉ ለሰው የቀረቡ ዘመዶች ናቸው፤ የሰው ጥገኛ ተባይ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ራሱን ቤቱ ውስጥ ያገኘዋል። ስለዚህ መንገዱ በሁለቱም በኩል ክፍት ነው። "የጋራ" የሚለው ቃልም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ይጠቀልላል። አንዳንዱ ተባይ ሰውና ቺምፓንዚ አንድ ቅድመ አያት ከነበራቸው ዘመን ጀምሮ በሁለቱም ወገን የቆየ ነው። አንዳንዱ በሩቅ ዘመን አንድ ጊዜ ተሻግሮ ከዚያ ወዲህ የራሱን ኑሮ የያዘ ነው። ሌላው ደግሞ ዛሬም ይመላለሳል። እርምጃ የሚያስፈልገው በዋናነት ይህ የመጨረሻው ነው፤ እሱን ከሌሎቹ ሳይለዩ ስለ አደጋ ማውራት ሰውንም ጎሪላውንም አይጠቅምም።

እከኩን ለማቆም ለምን ያስቸግራል

ሴቷ የእከክ ተባይ ግማሽ ሚሊሜትር አትሞላም። የላይኛውን ቆዳ እየማሰች ትገባና በየመንገዷ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይፈለፈላል። ከሰውነት ከተለየች በተለመደው የቤት ሙቀት ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ አትቆይም። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲኖር ግን ዕድሜዋ ይረዝማል፤ የብዊንዲ ከፍተኛው ቦታ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ይደርሳል፤ ጭጋግና ዝናብም አይለየውም። በዚያ ዓይነት ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ለመቆየት ምቹ ሁኔታ ታገኛለች።

ትልቁ ችግር ጊዜው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እከክ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ምንም ሳይሰማው ለሌላ ያስተላልፋል። በፓርኩ በር ላይ "የሚያሳክክህ ነገር አለ?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

በመንደሩ ሕክምናው ከሽፎ የሚታየውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የሚያክከው ልጅ ብቻ ይታከማል፤ አብረው የሚተኙት ወንድሞቹ ስላላከካቸው ይተዋሉ፤ ከወር በኋላ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል። በአንድ ጣሪያ ስር ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት። ፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት ከሆነ ከአንገት በታች አንድም ቦታ ሳይቀር፣ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ስር ጭምር ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ይታጠባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። አይቨርሜክቲን ክኒን ከሆነ መጠኑ በሰውነት ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ 200 ማይክሮግራም ነው። እንቁላሉን ስለማይገድል ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛው ይሰጣል፤ ያን ሁለተኛ ክኒን መዝለል ማለት ከእንቁላል የሚፈለፈሉትን ማሳደግ ነው። ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕጻንና ለነፍሰ ጡር ይህ ክኒን በተለምዶ አይሰጥም። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ መታጠብ የማይችለው በፕላስቲክ ታስሮ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢቻል ሳምንት ይቀመጣል።

ሁለት ትል፣ አንድ ዓይነት እንቁላል

ከእከኩ ይልቅ ውስብስቡ የአንጀት ትሉ ጉዳይ ነው። ስህተት የሚበዛውም እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

የጎሪላ ወይም የቺምፓንዚ ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ ጊዜ ሞላላ፣ ቅርፊቱ ስስ፣ ውስጡ የተከፋፈለ እንቁላል ይገኛል። የሰው ሰገራ ያየ የላብራቶሪ ባለሙያ ወዲያው "መንጠቆ ትል" ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን ያንኑ የሚመስል እንቁላል የሚጥል ሌላ ትል አለ፤ ኦኤሶፋጎስቶሙም ይባላል። የሁለቱን እንቁላል በዓይን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። የመንጠቆ ትል እጭ ከአፈር ላይ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባና ትንሹ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ኦኤሶፋጎስቶሙም በአፍ ይገባል፤ እጩ የትልቁን አንጀት ግድግዳ ሰርስሮ ይደበቅና በዙሪያው እባጭ ይፈጠራል። ደም ማነስ ያለበት መንደር ጫማ ያስፈልገዋል፤ እባጭ ያለበት መንደር የእጅና የምግብ ንጽሕና። በእንቁላል ብቻ የፈረደ ሰው ሁለቱን ሊያቀያይር ይችላል።

ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሰገራውን ከከሰል ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ወይም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ቀብቶ፣ እርጥበቱን ጠብቆ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ማቆየትና የሚፈለፈለውን እጭ ቅርጽ ማየት ነው። ሁለተኛው የዘረመል ምርመራ ነው። ሁለቱም የሚያስተማምኑት ናሙናው በትክክል ከተወሰደ ብቻ ነው፤ የአወሳሰዱን ነገር በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል።

ጎሪላና ቺምፓንዚ በየማታው አዲስ ጎጆ ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ይሠራሉ፤ ጠዋት ከጎጆው ሲርቁ ከጎጆው ስር ወይም ከዳሩ ትኩስ ሰገራ ይገኛል። ጓንት ተደርጎ የሚነሳው አፈር ካልነካው ከመሃሉ ነው። አፈሩ ራሱ ማንንም የማያጠቁ ጥቃቅን ትሎች ስላሉበት ከሥር የተዛቀ ናሙና "የአንጀት ትል" የሚመስል ነገር ይዞ ይመጣል። ናሙናው በቦታው ላይ ይከፈላል፤ ለማይክሮስኮፕ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ለዘረመል ደግሞ ጠንካራ ኤታኖል ውስጥ። ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ የከተተ ሰው ዘረመሉን አበላሽቶታል፤ በኋላ ማረም አይቻልም። እጭ ለማሳደግ የተያዘው ክፍል ደግሞ ፍሪጅ አይገባም፤ ቅዝቃዜ የመንጠቆ ትል እንቁላልን ይገድላል። የተለቀቀበት ሰዓትም ይጻፋል፤ ሰገራው ሙቀት ላይ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ እንቁላሉ ይፈለፈልና ሌላ ትል ይመስላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ስትሮንጂሎይደስ ለሚባለው ሌላ የአንጀት ትል ወሳኝ ነው። ሰው ላይ በብዛት የሚገኘው ስትሮንጂሎይደስ ስተርኮራሊስ ትኩስ ሰገራ ውስጥ የሚታየው እጭ ሆኖ ነው። የዝንጀሮና የጎሪላ ወገን የሆነው ስትሮንጂሎይደስ ፉሌቦርኒ ግን እንቁላል ይጥላል፤ እሱም በአፍሪካ ሰው ላይ ተገኝቷል። ትኩስ ሰገራ ላይ ይህ ልዩነት ግልጽ ነው፤ የቆየ ሰገራ ላይ ይጠፋል።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎችና ጥናቶች የተለመደው የካቶ-ካትዝ ዘዴም (የተለካ ሰገራን በግሊሰሪን አጥርቶ እንቁላል መቁጠር) የራሱ ወጥመድ አለው። በቅርጹ ቀዳዳ የሚለካው ሰገራ 41.7 ሚሊግራም ስለሆነ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ያለው መጠን ይገኛል። ግሊሰሪኑ ግን የመንጠቆ ትልን ስስ እንቁላል ያሟሟዋል፤ ስላይዱ ከተዘጋጀ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ካልተነበበ እንቁላሉ ይጠፋል። የቢልሃርዝያ እንቁላል በነጋታውም ይታያል። ጠዋት የተዘጋጀውን ስላይድ ከሰዓት በኋላ ያነበበ ላብራቶሪ "መንጠቆ ትል የለም" ብሎ ሲጽፍ ውሸት ሳያስብ ውሸት ይጽፋል። አንድ ጊዜ ብቻ መመርመርም አይበቃም፤ ትሎች በየቀኑ እኩል እንቁላል ስለማይጥሉ በተለያየ ቀን ቢያንስ ሦስት ናሙና ይመከራል።

ዘረመል ምን አሳየ? በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ዛንጋ-ሳንጋ ደን ጎሪላና ቺምፓንዚ፣ የጥበቃና የምርምር ሠራተኞችም በአንድ ዱካ ይመላለሳሉ። እዚያ በ2014 የወጣ ጥናት ሰዎቹና እንስሳቱ አንድ ዓይነት የመንጠቆ ትል ዘር፣ ኔካቶር፣ እንደሚጋሩ አሳየ፤ ቀድሞ የጎሪላ ብቻ ይመስል የነበረው ዓይነትም ሰው ላይ ተገኘ። ይህ ከሦስቱ መደቦች የመጨረሻው ነው፤ ዛሬም በጋራ አፈር ላይ የሚመላለስ።

ተቃራኒው ደግሞ በሰሜን ቶጎና በሰሜን ጋና ታየ። እዚያ ኦኤሶፋጎስቶሙም ቢፉርኩም በብዙ ሰው አንጀት ላይ እባጭ ያመጣ ነበር፤ ሆዱ ላይ ጠንካራ ዕጢ የሚያወጣው ዓይነት በቶጎዋ ከተማ ስም "የዳፓዎንግ ዕጢ" ተብሎ ነበር። ትሉ በአካባቢው ዝንጀሮና ጦጣም ላይ ስለሚገኝ የመጀመሪያው ሐሳብ "ከዝንጀሮ ነው" የሚል ነበር። ዘረመሉ ሲታይ የሰዎቹና የእንስሳቱ ትል ተለይቶ የሚዘዋወር ሆነ፤ ሰው ከሰው ነበር የሚተላለፈው። ለዝሆኔ በሽታ መከላከያ በየዓመቱ ለሕዝቡ የታደለው አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን ሥርጭቱን እጅግ አወረደው። ዝንጀሮ ማባረር ቢሞከር ኖሮ ምንም አይለወጥም ነበር። በምዕራብ ኡጋንዳ ኪባሌ ፓርክ ዳር፣ ሴቢቶሊ አካባቢ ግን የእባጭ ትል (ኦኤሶፋጎስቶሙም) በቺምፓንዚም በነዋሪውም ተገኝቷል፤ እዚያ ጥያቄው እንደገና ይከፈታል። በአንዱ ቦታ የተገኘ መልስ ለሌላው ቦታ አይሠራም።

ሰገራ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ጠላት እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ፕሮብስትማይሪያ የሚባለው ደቃቅ ትል በጎሪላና በቺምፓንዚ አንጀት ውስጥ በሺዎች ተሞልቶ ይኖራል፤ የሚታይ ጉዳት የለውም። ትሮግሎዳይቴላ የተባለው ባለአንድ ሕዋስ ፍጥረት ደግሞ ቃጫ የበዛበትን ምግብ ለመፍጨት ሳያግዛቸው አይቀርም። ጤነኛ የዱር ጎሪላ ባዶ አንጀት የለውም፤ ለዚህም ነው ያየውን ሁሉ መድኃኒት ለመስጠት የሚቸኩል ሐኪም በዱር ሥራ ላይ የማይፈለገው።

ወባው ከየት መጣ

በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው በወባ ይሞታል፤ አብዛኛው በአፍሪካ የሚኖር ሕጻን ነው፤ ገዳዩ በዋናነት ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ ተውሳክ የቺምፓንዚ ወባ የቅርብ ዘመድ እንደሆነ ብቻ ይታወቅ ነበር። ከዱር እንስሳ ደም መውሰድ ስለማይቻል ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነበር። መፍትሔው ሰገራው ሆነ፤ የወባው ዘረመል ፍንጣሪ ከሰገራው ጋር ይወጣል። በ2010 የወጣው ጥናት ከማዕከላዊ አፍሪካ የተሰበሰበ ወደ 3,000 የሚጠጋ የቺምፓንዚ፣ የጎሪላና የቦኖቦ ሰገራ መርምሮ የሰው ፋልሲፓረም የመጣው ከቺምፓንዚ ሳይሆን ከምዕራብ ጎሪላ መሆኑን አሳየ። የጎሪላው ወባ አሁን ፕላስሞዲየም ፕሬፋልሲፓረም ይባላል።

እንዴት ተሻገረ? የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ለመግባት በሩን የሚከፍትለት ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ከእነዚህ አንዱ አርኤች5 ይባላል። የዘረመሉ ንባብ እንደሚያሳየው የፋልሲፓረም ቅድመ አያት ይህን የዘረመል ቁራጭ ያገኘው ከሌላ የጎሪላ ወባ ዓይነት፣ ከፕላስሞዲየም አድለሪ ወገን ነው። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ጎሪላ ደም ውስጥና በአንድ ትንኝ ሆድ ውስጥ ተገናኝተው ተዋሃዱ ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ዛሬ የሰው ፋልሲፓረም ሁሉ የአንድ ዘር ግንድ ልጅ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ከጎሪላ አጠገብ የሚኖር ሰው ዛሬ የጎሪላ ወባ ይይዘዋል? በደኑ ውስጥ እንስሳቱንም ሰዎቹንም የሚነክሱ ትንኞች አሉ፤ ስለዚህ አጋጣሚው አለ። ሆኖም በጋቦን ከ4,000 በላይ ሰዎች ደም ተመርምሮ የጎሪላ ወይም የቺምፓንዚ ፋልሲፓረም መሰል ተውሳክ አንድም ሰው ላይ አልተገኘም፤ በደቡብ ካሜሩን የተደረገውም ምርመራ እንዲሁ። ይህ ሁለተኛው መደብ ነው፤ ድልድዩ በአንድ ወቅት ተሻግረውበት በኋላ የተዘጋ። የዛሬው ታማሚ ፋልሲፓረሙን የሚያገኘው ከሌላ ሰው በትንኝ በኩል ነው፤ መከላከያውም አጎበር፣ የቤት ውስጥ ርጭትና ፈጣን ሕክምና እንጂ ከጎሪላ መሸሽ አይደለም።

ቪቫክስ ለእኛ ይቀርባል። ፕላስሞዲየም ቪቫክስ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙም አይታይም፤ አብዛኛው የዚያ አካባቢ ሰው ተውሳኩ የሚጠቀምበት ዳፊ የሚባለው የቀይ ደም ሕዋስ በር ስለሌለው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከወባ ታማሚዎች ከፍተኛ ድርሻ አለው። ቀድሞ መነሻው እስያ ነው ይባል ነበር። በ2014 የወጣ ጥናት የአፍሪካ ቺምፓንዚዎችና ጎሪላዎች ቪቫክስ የሚመስል ተውሳክ በሰፊው እንደሚሸከሙ፣ የሰውም ቪቫክስ የዚያ የአፍሪካ ግንድ አንድ ቅርንጫፍ እንደሚመስል አሳየ። ይህኛው በር ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይመስልም፤ በማዕከላዊ አፍሪካ ደን ቆይቶ የተመለሰ አንድ አውሮፓዊ የእንስሳቱን ዓይነት ቪቫክስ ይዞ ተገኝቷል። መዘንጋት የሌለበት የጉበቱ ነገር ነው፤ ቪቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሳል፤ ደሙን ብቻ የሚያጸዳ ክኒን አይበቃውም፣ ፕሪማኩዊን ያስፈልገዋል። ፕሪማኩዊን ደግሞ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በሚያንሳቸው ሰዎች ላይ ቀይ ደምን ስለሚሰብር በሐኪም እጅ እንጂ በግምት አይወሰድም።

የመጀመሪያው መደብ፣ የጥንቱ፣ በአጭሩ ይህ ነው። የራስና የልብስ ቅማላችን የቅርብ ዘመድ የቺምፓንዚ ቅማል ነው፤ ሰውና ቺምፓንዚ ሲለያዩ ቅማሉም አብሮ ተለያየ። የብልት አካባቢ ቅማል ግን ከዚህ መደብ አይደለም፤ የጎሪላ ቅማል ዘመድ ሲሆን ከሦስት እስከ አራት ሚሊዮን ዓመት በፊት ከጎሪላ ወገን ወደ ሰው ወገን የተሻገረ እንደሆነ ዘረመሉ ይጠቁማል። ዛሬ ማንም ከጎሪላ ቅማል አይጋባበትም።

ግራዋ የምታኝክ ቺምፓንዚ

በ1987 በታንዛኒያ፣ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የማሃሌ ተራሮች ፓርክ፣ ተመራማሪው ማይክል ሃፍማንና የአካባቢውን ዕፅዋት ጠንቅቀው የሚያውቁት መሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ ይከታተሉ ነበር። አቅም አንሷት ትተኛለች፤ ከዚያ ወደ አንድ ቁጥቋጦ ሄደች። ቅጠሉን አልነካችም። ለጋውን ግንድ ልጣ ውስጡን አኘከች፣ መራራ ጭማቂውን መጠጠች፣ ቃጫውን ተፋች። በነጋታው ብርታቷ ተመለሰ። ያ ተክል ቬርኖኒያ አሚግዳሊና ነው፤ እናቶቻችን ጋንና እንስራ የሚያጥቡበት፣ ለሆድ ሕመምም የሚጨመቀው ግራዋ።

በሌላ ታማሚ ቺምፓንዚ ላይ የተደረገው ቆጠራ ግራዋውን ካኘከች ከ20 ሰዓት ገደማ በኋላ የእባጭ ትሉ እንቁላል በአንድ ግራም ሰገራ ከ130 ወደ 15 መውረዱን አሳይቷል። ቅጠሉንና ልጡን መተዋ ልብ የሚባል ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ቬርኖዳሊን የተባለው ንጥረ ነገር መጠኑ ሲበዛ መርዛማ ነው።

ሌላም ዘዴ አላቸው። ጠዋት በባዶ ሆድ ሻካራ፣ ጸጉራም ቅጠል፣ ለምሳሌ አስፒሊያ፣ አንድ በአንድ እያነሱ በምላሳቸው አጥፈው ሳያኝኩ ይውጡታል። ቅጠሉ ሳይፈጭ አንጀቱን አፍጥኖ ያልፍና ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ከነእጥፋቱ ይወጣል፤ በእጥፋቱ ውስጥ ሕያው የኦኤሶፋጎስቶሙም ትሎች ተገኝተዋል። ይህን በብዛት የሚያደርጉት ትሉ በሚበዛበት የዝናብ ወቅት ነው። ቅጠሉ የሚጠርገው አንጀት ውስጥ የለቀቁትን አዋቂ ትሎች ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ያለውን እጭ አያገኘውም። ግራዋ በቤት ውስጥ ሲጨመቅም ይህን ማወቅ ይገባል፤ መጠኑ የማይታወቅ ጭማቂ ለልጅ ከመስጠት አልቤንዳዞል ከጤና ጣቢያ መውሰድ ይሻላል።

በአገራችን ያለው ዘመድ ታሪክ

ኢትዮጵያ ውስጥ ጎሪላም ቺምፓንዚም በዱር የለም። ዝንጀሮ፣ ጭላዳ፣ ጦጣና ጉሬዛ ግን አለን፤ ጥያቄውም ያው ነው። በጋምቤላ፣ በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች የጊኒ ዎርም በሽታ ሰው ላይ ሊጠፋ ሲቃረብ ከ2013 ጀምሮ በውሻና በዝንጀሮ ላይ መታየት ጀመረ። ትሉ የሚገባው እጩን የዋጡ ደቃቅ የውሃ ፍጥረታት ካሉበት ኩሬ ሲጠጣ ነው፤ ከዓመት ገደማ በኋላ አዋቂዋ ትል ብዙውን ጊዜ በእግር በኩል ቆዳ ቀዳ ትወጣለች፤ እግሩ ውሃ ሲነካ እጮቿን ትለቃለች። ሰው ውሃውን በጨርቅ አጣርቶ መጠጣት ይችላል፤ ዝንጀሮ አይችልም። ስለዚህ በደኑ ያሉ ኩሬዎች አቤት በሚባል ኬሚካል ይታከማሉ፣ ውሾች ይታሰራሉ፣ በዝንጀሮ መንጋዎች ላይ ክትትል ይደረጋል። አንድ አገር ከበሽታው ነጻ ተብሎ እንዲመሰከርለት ሥርጭቱ በእንስሳቱም ላይ መቆም አለበት።

በስሜንና በጓሳ የሚታየው የጭላዳ እብጠት ሌላ መንገድ ነው። ቲኒያ ሴሪያሊስ የሚባለው የኮሶ ትል ዘመድ አንጀት ውስጥ የሚያድገው በውሻና በመሰሎቹ ነው፤ እንቁላሉ ከሰገራቸው ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል፤ ጭላዳ ሣር በል ስለሆነ ይውጠዋል፤ ከቆዳው ስርም ውሃ የቋጠረ እባጭ ይወጣል። ጎብኚ ደንግጦ ከጭላዳው ሊሸሽ ይችላል፤ የእባጩ ምንጭ ግን የውሻና የመሰሎቹ ሰገራ ነው።

ወደ ደኑ ለሚሄድ ሰው

ከአዲስ አበባ ወደ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ጎሪላ ለማየት የሚሄዱ ሰዎች አሉ። የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር እስከ 2018 በተደረጉት ቆጠራዎች 1,063 ብቻ ነበር። ደንቡ የተቀመጠው ለእነሱ ነው፦ በአንድ ቡድን በቀን ስምንት ጎብኚ፣ አንድ ሰዓት፣ ቢያንስ 7 ሜትር ርቀት፣ ከኮሮና ወዲህ ደግሞ 10 ሜትርና ማስክ፤ ከ15 ዓመት በታች አይገባም። ርቀቱና ማስኩ በዋናነት ለጉንፋንና ለሳንባ ቫይረስ ነው፤ ከትል ሁሉ ይበልጥ ጎሪላ የሚገድለው እሱ ነው። ለትሉ የሚሠራው ሌላው ደንብ ነው፦ ደኑ ውስጥ ሽንት ቤት ከሌለ 30 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ተጸዳድቶ፣ ወረቀቱ ጭምር ይደፈናል። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ በዝናብ ይከፈታል፤ የመንጠቆ ትል እንቁላል ጥላና እርጥበት ካገኘ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ቆዳ የሚበሳ እጭ ይሆናል። ተቅማጥ የያዘው ሰው በዚያ ቀን አይሄድም፤ ጃርዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም በብዊንዲ ጎሪላዎች ሰገራ ላይ ተገኝተዋል። በእንስሳቱ አጠገብ አይበላም፣ ምራቅ አይተፋም፣ የፍራፍሬ ልጣጭ አይጣልም። ካልሲ በሱሪ ላይ፣ ቦት ጫማ ከውጭ፤ ጫማው ከመግባትም ከመውጣትም በፊት ይቦረሻል።

ግን ጎብኚው ለአንድ ሰዓት ነው የሚገባው። በየቀኑ የሚገቡት ዱካ ተከታዮቹና ጠባቂዎቹ፣ በደኑ ዳር የሚኖሩት ገበሬዎችም ናቸው ሚዛኑን የሚወስኑት። በ2003 ካሌማ-ዚኩሶካ የመሠረቱት ድርጅት ሥራውን የጀመረው ጎሪላውን ብቻ በማከም ሳይሆን የመንደሩን ጤና ከጎሪላው ጤና ጋር በማያያዝ ነው፦ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ እጅ መታጠብና ስለ እከክ ያስተምራሉ፣ የታመመ ይልካሉ። በእኛ ዕይታ ይህ ከማንኛውም አጥር ይበልጣል።

ከመካከለኛው አፍሪካ ደን የተመለሰ ሰው ለሐኪሙ የት እንደነበረ መናገር አለበት፤ ሁለት ነገር በዚያ ላይ ይወሰናል። ስትሮንጂሎይደስ ስተርኮራሊስ እዚያው ሰውነት ውስጥ ራሱን እያባዛ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ በሽተኛው ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ሲጀምር በድንገት መላ አካሉን ይወርና ሊገድለው ይችላል። አንድ ጊዜ የሚዋጥ አልቤንዳዞል አያጠፋውም፤ መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። አይቨርሜክቲኑ ደግሞ በካሜሩን፣ በጋቦን፣ በኮንጎና በአጎራባቾቻቸው የሚገኘው ሎአ ሎአ የሚባለው የዓይን ትል በደሙ በብዛት ያለበትን ሰው አንጎል ሊጎዳ ይችላል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ30,000 በላይ እጭ ሲኖር አደጋው ከባድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደም ይታያል፤ የሎአ ሎአ እጭ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው በቀን ስለሆነ ናሙናው እኩለ ቀን አካባቢ ይወሰዳል፤ ማታ የተወሰደ ደም ባዶ ሊመስል ይችላል።